የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት (ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ)

የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ የሚገኝ፣ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የጥናትና የማኅደር ተቋም ነው። የአገሪቱን ተረት፣ ዘፈን፣ ሙዚቃ፣ ልማድ፣ የቦታ ስምና የአነጋገር ዘዬ ከባለቤቶቹ አፍ እየቀዱ መሰብሰብ፣ መጠበቅና ማጥናት ዋና ሥራው ሆኖ ቆይቷል። በድምፅ ማኅደሩ ውስጥ ወደ 33,000 የሚጠጉ የመስክ ቅጂዎች ይገኛሉ።

ዛሬ ትምህርቱ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው የኬልቲክና የስኮትላንድ ጥናት ክፍል ሲሆን፣ ማኅደሩ የቀድሞውን ስም እንደያዘ ለተመራማሪዎችና ለሕዝብ ያገለግላል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የስኮትላንድ ቋንቋዎች

የተቋሙን ሥራ ለመረዳት በቅድሚያ ስኮትላንድ የአንድ ቋንቋ አገር አለመሆኗን ማወቅ ያስፈልጋል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ሁለት ነባር ቋንቋዎች አሉ። አንደኛው ጋሊክኛ ሲሆን ከአይርላንድኛ ጋር የሚዛመድ የኬልቲክ ቋንቋ ነው፤ በተለይ በሰሜን ምዕራብ ደጋማ አገርና በሄብሪዲስ ደሴቶች ይነገራል። ሁለተኛው ስኮትኛ ነው። ስኮትኛ የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ ሲሆን በደቡብ ቆላማ አገርና በሰሜን ምሥራቅ ይነገራል። ከእነዚህ በተጨማሪ በሰሜን ጫፍ ባሉት በኦርክኒና በሼትላንድ ደሴቶች ድሮ ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች ይናገሩት የነበረው ቋንቋ አሻራ በአነጋገሩና በቦታ ስሞች ላይ ይታያል።

ጋሊክኛ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን በፍጥነት ተዳክሟል። ለዚህም ብዙ ምክንያቶች ነበሩ። ባለርስቶች መሬቱን ለበግ እርባታ ለማዋል ገበሬዎችን ከደጋው አገር አፈናቀሉ፤ ብዙዎችም ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ግላስጎው ከተማ ተሰደዱ። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ ትምህርት ለሁሉም ሕፃናት ግዴታ ሲያደርግ ስለ ጋሊክኛ ምንም አላለም፤ ስለዚህ የገጠር ልጆች በማያውቁት ቋንቋ ይማሩ ጀመር። በ1901 የሕዝብ ቆጠራ ከ230,000 በላይ የነበሩት የጋሊክኛ ተናጋሪዎች በ2011 ቆጠራ ወደ 57,000 ወርደዋል። በ2022 ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 69,700 ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለዚህ ጭማሪ በትምህርት ቤት ቋንቋውን የተማሩ ወጣቶች አስተዋጽኦ አላቸው። በአንጻሩ ቋንቋው ከቤት የሚወረስባቸው የደሴት መንደሮች መሳሳታቸውን ቀጥለዋል።

ምሥረታ

የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1582 የተመሠረተ ነው። ዓባይን ፍለጋ ጎንደር ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በወጣትነቱ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሯል። ዩኒቨርሲቲው በ1882 የኬልቲክ ቋንቋዎች ፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቁሞ ነበር። ይህ ጥናት ግን በአመዛኙ በጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በየገጠሩ በቃል የሚኖረው ሀብት ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ ቀርቶ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። በ1949 የስኮትላንድ የቋንቋ ዳሰሳ የተባለው ፕሮጀክት ተጀምሮ ተመራማሪዎች ከመንደር መንደር እየዞሩ ዘዬዎችን መመዝገብ ጀመሩ። ለምሳሌ ያገለገሉት ሌሎች አገሮች ናቸው። አይርላንድ በ1935 የሥነ ቃል ኮሚሽን አቋቁማ የሙሉ ጊዜ ሰብሳቢዎችን በደመወዝ ቀጥራ ነበር፤ በስዊድንም በኡፕሳላ ተመሳሳይ ማኅደር ነበረ። በኤድንብራ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፕሮፌሰር የነበረው አንገስ ማኪንቶሽና ሌሎች ምሁራን ስኮትላንድም እንዲህ ያለ ተቋም እንዲኖራት ጥረት አደረጉ። የአይርላንድ ኮሚሽንም ካሠለጠናቸው ሠራተኞች አንዱን፣ ካለም ማክሊንን፣ በመስጠት ረዳ። በዚህ ሁኔታ ተቋሙ በ1951 ሥራ ጀመረ።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ አለን ሎማክስ የዓለምን የሕዝብ ሙዚቃ በሸክላ ለማሳተም ወደ ስኮትላንድ መጣ። በቴፕ የቀዳቸውን ዘፈኖች ግልባጭ ለዩኒቨርሲቲው ስለተወ፣ የእርሱ ቅጂዎች በአዲሱ ማኅደር ከመጀመሪያዎቹ ንብረቶች መካከል ሆኑ።

ሰብሳቢዎቹ

ካለም ማክሊን

ካለም ማክሊን (1915–1960) በራሴ ደሴት የተወለደ የጋሊክኛ ተናጋሪ ሲሆን የታወቀው ባለቅኔ የሶርሊ ማክሊን ወንድም ነው። በኤድንብራ የኬልቲክ ጥናት ተምሮ ወደ አይርላንድ ሄደና አይርላንድኛን አጥርቶ ለምዶ የሥነ ቃል ሰብሳቢ ሆነ። በጥር 1951 የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሰብሳቢ ሆኖ ሥራ ጀመረ።

በአይርላንድ ሲሠራ የተማረው ዘዴ የኤዲፎን ማሽንን መጠቀም ነበር። ይህ ማሽን ድምፅን በሰም ሲሊንደር ላይ የሚቀርጽ ነው። ሲሊንደሩ ውድ ስለነበረ ሰብሳቢው ታሪኩን ቃል በቃል በደብተር ከገለበጠ በኋላ ሰሙ ተፍቆ እንደገና ያገለግል ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የብዙ ተራኪዎች ቃል በጽሑፍ ሲተርፍ ድምፃቸው ጠፍቷል። የቴፕ ሪከርደር መምጣት ይህን ለወጠ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቃሉም ድምፁም አብረው መቀመጥ ቻሉ።

ማክሊን በሎካበር፣ በደቡብ ዩስት፣ በቤንቤኩላና በሌሎችም ስፍራዎች ከአነስተኛ ገበሬዎች፣ ከአሣ አጥማጆችና ከመንገድ ሠራተኞች ብዙ ታሪክ ሰብስቧል። ከሰዎቹ ጋር በራሳቸው ቋንቋ ያወራ ነበር፤ ምሽቱንም በእሳት ዳር አብሯቸው ያሳልፍ ነበር። በካንሰር ሕመም ምክንያት በ1957 ግራ እጁ ቢቆረጥም ሥራውን አላቋረጠም። ስለ ደጋው አገር ሕዝብ የጻፈው መጽሐፍ በ1959 ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ወር በ44 ዓመቱ በደቡብ ዩስት አርፎ እዚያው ተቀበረ። በእጁ የጻፋቸው የመስክ ደብተሮች ከ10,000 ገጽ በላይ ናቸው።

ሄሚሽ ሄንደርሰን

ሄሚሽ ሄንደርሰን (1919–2002) በፐርዝሻየር በብሌርጎውሪ ከተማ ተወለደ። በካምብሪጅ ተምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሜን አፍሪካና በጣሊያን በመረጃ መኮንንነት አገልግሏል። ስለ ሰሜን አፍሪካው ጦርነት የጻፋቸው የሐዘን ግጥሞች በ1948 ታትመው በቀጣዩ ዓመት የሶመርሴት ሞም ሽልማት አግኝተዋል። የጣሊያናዊውን የፖለቲካ አሳቢ የአንቶኒዮ ግራምሺን የእስር ቤት ደብዳቤዎችም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል።

በ1951 አለን ሎማክስን በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ እየመራ ከአርሶ አደር ዘፋኞች ጋር አገናኘው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በኤድንብራ በተካሄደው የሕዝብ ፌስቲቫል ላይ ከገጠርና ከደሴቶች የመጡ ዘፋኞች በከተማ መድረክ እንዲዘፍኑ አደረገ። ከባራ ደሴት የመጣችው ፍሎራ ማክኒል፣ ከአበርዲንሻየር የመጣው ገበሬው ጆን ስትራከንና መንገደኛው ዘፋኝ ጂሚ ማክቤዝ በዚያ ምሽት ከተሰሙት መካከል ነበሩ። ይህ ዝግጅት ለስኮትላንድ የሕዝብ ዘፈን መነቃቃት እንደ መነሻ ይቆጠራል። ሄንደርሰን በኋላ የተቋሙ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ እስከ 1987 ሠርቷል።

ሌሎች ሠራተኞች

ፍራንሲስ ኮሊንሰን የተቋሙ የመጀመሪያ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲሆን የዘፈኖችን ዜማ በኖታ ይጽፍ ነበር። ጆን ማኪኒስና ዶናልድ አርቺ ማክዶናልድ በጋሊክኛ ተረትና ቅኔ፣ አለን ብሩፎርድ በማኅደር ሥራና በተረት ጥናት፣ ቪልሄልም ኒኮላይሰን በቦታ ስሞች ዳሰሳ፣ ኤሪክ ክሪጊን በታይሪ ደሴት የቃል ታሪክ ላይ ሠርተዋል።

ባለድምፆቹ

የማኅደሩ ዋጋ በሰብሳቢዎቹ ብቻ አይለካም። ቅጂዎቹ የተገኙት በዘመኑ እንደ ምሁር ከማይቆጠሩ ሰዎች ነው።

ከእነዚህ መካከል ትራቭለርስ የሚባሉት የስኮትላንድ ተንቀሳቃሽ ሕዝቦች ልዩ ቦታ አላቸው። ቆርቆሮ በመጠገን፣ በፈረስ ንግድና በወቅታዊ የእርሻ ሥራ እየተዳደሩ በድንኳን የሚዘዋወሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ነዋሪው ሕዝብ በንቀት ስም ይጠራቸውና ከአጠገቡ ያባርራቸው ነበር። ሄንደርሰን ግን በሌላው ዘንድ የተረሱ ረጃጅም ዘፈኖችና ተረቶች በእነርሱ ዘንድ በሕይወት መኖራቸውን አስተዋለ። በበጋ ወቅት በብሌርጎውሪ አካባቢ የራስፕቤሪ ፍሬ ለመልቀም ቤተሰቦቹ በብዛት ይሰባሰቡ ነበር። ሄንደርሰን በ1950ዎቹ አጋማሽ ቴፕ ሪከርደሩን ይዞ ወደ ሰፈሩ በመሄድ በየድንኳኑ እሳት ዳር ሲቀዳ አመሸ። ቤል ስቱዋርትና ቤተሰቧ የታወቁት በዚህ ጊዜ ነው።

ከሁሉም በላይ ስሟ የሚነሳው ጂኒ ሮበርትሰን (1908–1975) ናት። ከትራቭለር ቤተሰብ የተወለደች የአበርዲን ነዋሪ ስትሆን ሄንደርሰን በ1953 ቤቷ ድረስ ሄዶ አገኛት። ከእናቷ የወረሰቻቸውን ጥንታዊ ታሪክ ተራኪ ዘፈኖች ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ትዘፍን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝናዋ ከስኮትላንድ አልፎ ሄደ፤ በ1968 ከብሪታንያ መንግሥት የክብር ሜዳልያ ተሸለመች።

በሰሜኑ በሰዘርላንድ አውራጃ ደግሞ አሌክሳንደር ስቱዋርት ወይም በጋሊክኛ ቅጽል ስሙ አይሊ ዳል፣ ትርጉሙም «ዓይነ ስውሩ አይሊ» የተባለ የትራቭለር ሽማግሌ ነበር። ማንበብና መጻፍ ሳይችል የጥንት ጀግኖችን ታሪክ በጋሊክኛ በቃሉ ይዞ ኖሯል። ከቫተርሴ ደሴት የመጣችው ናን ማኪነን በበኩሏ በርካታ ዘፈኖችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና የቤተሰብ ታሪኮችን ለተቋሙ ሰብሳቢዎች ሰጥታለች።

ስብስቡ

በማኅደሩ ከሚገኙት ዋና ዋና ዘርፎች የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

የሥራ ዘፈኖች፦ በሄብሪዲስ ደሴቶች ሴቶች አዲስ የተሸመነውን የሱፍ ጨርቅ ጥቅጥቅ እንዲል በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው በእርጥቡ ይወቅጡት ነበር። አንዷ ግጥሙን ስታወጣ ሌሎቹ በአዝማቹ ይቀበሏታል፤ ምቱን የሚጠብቀው የእጃቸው ምት ነው። ጨርቁ በፋብሪካ መሠራት ሲጀምር ሥራው ቀረ፤ ዘፈኖቹ ግን በቅጂ ተርፈዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሴቶች የተገጠሙ በመሆናቸው በጽሑፍ ታሪክ የማይገኘውን የሴቶች ሐሳብ ያሳያሉ።

የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፦ በሉዊስ ደሴት ባሉት የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መሪው የመዝሙረ ዳዊትን አንድ መስመር ብቻውን ያወጣል፤ ምእመናኑም እያንዳንዱ በራሱ ዜማ እያስጌጠ ይከተለዋል። ድምፁ አንድ ላይ ሲሆን እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል።

የእርሻ ሠራተኞች ዘፈን፦ በሰሜን ምሥራቅ ያሉ ያላገቡ የእርሻ ሠራተኞች በጌታቸው ግቢ በጋራ ቤት ያድሩ ነበር። በማታ የሚዘፍኑት በስኮትኛ ሲሆን የሚከፋውን ምግብና የማይራራውን አሠሪ ስም እየጠሩ ይሳለቁ ነበር።

ተረትና ትውፊት፦ የጀግኖች ተረት፣ የአውሬና የመናፍስት ታሪክ፣ ሕልምና ራእይ፣ የባህል ሕክምና፣ የዘመን መለወጫና የሠርግ ልማድ፣ የአየር ጠባይ ምልክት ወዘተ.።

የሙዚቃ መሣሪያ፦ የባግፓይፕና የቫዮሊን ዜማዎች፣ እንዲሁም መሣሪያ በሌለበት ለጭፈራ የሚሆን በአፍ የሚሰማ ዜማ።

ፎቶግራፍና ጽሑፍ፦ ጀርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ቨርነር ኪስሊንግ በ1930ዎቹ በደቡብ ዩስትና በኤሪስኬ ያነሳቸው ፎቶዎች በተለይ ይታወቃሉ። በተጨማሪ የመስክ ደብተሮች፣ ደብዳቤዎችና የተመራማሪዎች ማስታወሻዎች አሉ።

የቋንቋ ዳሰሳው ውጤትም ከዚህ ጋር መታየት አለበት። በ1950ዎቹ ከ200 በላይ የጋሊክኛ ተናጋሪዎች በየአካባቢያቸው ተጠይቀው የሰጡት መልስ በ1990ዎቹ በአምስት ቅጽ ታትሟል። በአራን ደሴትና በፐርዝሻየር የተመዘገቡት ዘዬዎች ከቤት የወረሳቸው ተናጋሪ የላቸውም። ስለዚህ ለእነዚህ ዘዬዎች መዝገቡና ቴፑ ምትክ የማይገኝላቸው ምስክሮች ናቸው።

ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር

የማግኔት ቴፕ ዘላለማዊ አይደለም። ፕላስቲኩ በጊዜ ብዛት ይሰባበራል፣ ይሸበሸባል፤ በአንዳንድ ዓይነት ቴፕ ላይ ድምፁን የያዘው ሽፋን ይጣበቅና ይላጣል። የማጫወቻ ማሽኖቹና መለዋወጫቸውም ከገበያ ይጠፋሉ። በዚህ ምክንያት ቅጂዎቹን ወደ ዲጂታል ፋይል መገልበጥ የግድ ሆነ።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ትልቁ ፕሮጀክት በጋሊክኛ «ቶበር አን ዱዋልከይስ»፣ በስኮትኛ «ኪስት ኦ ሪችስ» ይባላል። የመጀመሪያው «የቅርስ ምንጭ»፣ ሁለተኛው «የሀብት ሣጥን» እንደ ማለት ነው። ድረ ገጹ በ2010 ለሕዝብ ተከፈተ። የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤትን ቅጂዎች፣ የቢቢሲ ስኮትላንድን የጋሊክኛ ቅጂዎች እንዲሁም ጆን ሎርን ካምቤልና ባለቤቱ ማርጋሬት ፌይ ሾው በካና ደሴት ያከማቹትን ስብስብ በአንድ ላይ ያቀርባል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎችን ማንም ሰው በነፃ ማዳመጥ ይችላል።

እያንዳንዱ ቅጂ መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የድምፅ ማኅደርን በሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ይጀምርና የተቀዳበትን ዓመት፣ የቴፑን ቁጥርና በቴፑ ውስጥ ያለውን ተራ ያስከትላል። ከዚህ ጋር የተናጋሪው ስም፣ የትውልድ ቦታው፣ የሰብሳቢው ስም፣ ቋንቋውና የይዘቱ ማጠቃለያ ይመዘገባሉ። ስለዚህ ፈላጊው በመንደር ስም፣ በዘፈን ርዕስ ወይም በአያቱ ስም ጭምር መፈለግ ይችላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ማኅደሩ ለኮምፒውተር ሳይንስም ግብዓት ሆኗል። በዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዊልያም ላምና ባልደረቦቹ የሰብሳቢዎቹን የእጅ ጽሑፍ ኮምፒውተር እንዲያነብ አሠልጥነዋል፤ ከዚህ የተገኘው ጽሑፍ ደግሞ የጋሊክኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለሚለውጥ ፕሮግራም ማሠልጠኛ ውሏል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ብዙ ሰዓት ድምፅና ከድምፁ ጋር የሚመሳሰል ጽሑፍ ይፈልጋል። ጋሊክኛ በኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ፣ ከ70 ዓመት በፊት አንድ ሰብሳቢ በጥንቃቄ የገለበጠው ደብተር ለቴክኖሎጂው መሠረት ሊሆን ችሏል።

የባለቤትነት ጥያቄ

ቅጂዎቹን በኢንተርኔት ማቅረብ ሕጋዊና ሥነ ምግባራዊ ጥያቄ አስነስቷል። በ1950ዎቹ በቤታቸው ሆነው የዘፈኑ ሰዎች ድምፃቸው አንድ ቀን በዓለም ዙሪያ እንደሚሰማ ሊገምቱ አይችሉም ነበር። አንዳንዱ ቅጂ ስለ ጎረቤት የሚነገር ሐሜት፣ ስለ ቤተሰብ ጠብ ወይም ስለ ግል ሕይወት የሚናገር ነው። በዚህ ምክንያት የፕሮጀክቱ ሠራተኞች የተናጋሪዎቹን ቤተሰቦች እየፈለጉ ፈቃድ ጠይቀዋል። ማኅደሩ የያዘው ሁሉ በድረ ገጹ ላይ አይገኝም።

በሌላ በኩል ለብዙ ቤተሰቦች ማኅደሩ የሙት ዘመድ ድምፅ የሚሰማበት ስፍራ ነው። ፎቶግራፍ ብቻ የቀረላቸው የልጅ ልጆች የአያታቸውን ዘፈን በራሷ አንደበት ይሰማሉ። የዛሬ ዘፋኞችም ከወላጆቻቸው ያልተማሩትን ዜማ ከማኅደሩ ይማራሉ።

የሕትመት ሥራዎች

ተቋሙ «ስኮቲሽ ስተዲስ» የተባለውን የጥናት መጽሔት ከ1957 ጀምሮ አውጥቷል። በ1971 የተጀመረው «ቶኸር» ደግሞ ለማንኛውም አንባቢ የታሰበ ሲሆን፣ ከማኅደሩ የተወሰዱ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከነትርጉማቸው ያቀርባል። ቃሉ በስኮትኛ ሙሽራ ወደ አዲሱ ቤቷ ይዛ የምትሄደው ንብረት ማለት ነው።

የተመረጡ ቅጂዎች በሸክላ፣ በኋላም በሲዲ ታትመዋል። የዚህ ተከታታይ የመጀመሪያው ሸክላ በ1971 የወጣው የእርሻ ሠራተኞች ዘፈን ነው። የባራ ደሴት የሱፍ ጨርቅ ዘፈኖችና የሉዊስ መዝሙሮች በዚሁ ተከታታይ ወጥተዋል። ጋቪን ግሬግና ቄስ ጄምስ ዱንካን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ የሰበሰቧቸው ዘፈኖች ከ1981 እስከ 2002 በስምንት ቅጽ ሲታተሙ፣ የተቋሙ ተመራማሪ ኤሚሊ ላይል ከአዘጋጆቹ አንዷ ነበረች።

ትምህርት

ተቋሙ በመጀመሪያ የምርምር ስፍራ ብቻ ነበር። በኋላ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ እንዲሁም ለዶክትሬት ተማሪዎች ትምህርት መስጠት ጀመረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከኬልቲክ ክፍል ጋር ተዋህዶ የዛሬውን ክፍል መሠረተ። ተማሪዎች ጋሊክኛን ከጀማሪ ደረጃ ጀምረው መማር ይችላሉ፤ ሥነ ቃል፣ የሕዝብ ሙዚቃ፣ ልማድና የመስክ ሥራ ዘዴም ይሰጣል።

መጎብኘት

ተቋሙ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የተቀመጠው በጆርጅ አደባባይ ከ27 እስከ 29 ቁጥር ባሉት አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ነው። አደባባዩን ከ1766 ጀምሮ ያሠራው ጄምስ ብራውን የተባለ አናጺ ሲሆን፣ ስሙን ብዙ ሰው እንደሚገምተው በንጉሥ ጆርጅ ሳይሆን በወንድሙ በጆርጅ ብራውን ሰይሞታል። ደራሲው ዋልተር ስኮት ልጅነቱን ያሳለፈው በዚሁ አደባባይ በ25 ቁጥር ቤት ነው። በ1960ዎቹ ዩኒቨርሲቲው ከአደባባዩ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹን አፍርሶ ረጃጅም ሕንፃዎችን ሲሠራ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ በምዕራብ በኩል ያሉት ቤቶች ግን ተርፈዋል። የዩኒቨርሲቲው ዋና ቤተ መጻሕፍትም በአደባባዩ ላይ ይገኛል።

ከዌቨርሊ ባቡር ጣቢያ ወደ አደባባዩ በእግር ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ መንገድ ነው። መንገዱ በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በብሔራዊ ሙዚየሙ በኩል ያልፋል። ሄንደርሰን ያዘወትረው የነበረው «ሳንዲ ቤልስ» የተባለ መጠጥ ቤት በፎረስት መንገድ ላይ ያለ ሲሆን፣ ዛሬም ሙዚቀኞች ተሰብስበው የሕዝብ ሙዚቃ የሚጫወቱበት ነው።

ማኅደሩ እንደ ሙዚየም በማንኛውም ሰዓት ተገብቶ የሚታይ ኤግዚቢሽን አይደለም። ጎብኚ አስቀድሞ ጽፎ ቀጠሮ መያዝ፣ የሚፈልገውን ቅጂ መለያ ቁጥርም ከድረ ገጹ አውጥቶ መላክ ይኖርበታል። ይህም ሠራተኞቹ ቅጂውን ፈልገው እንዲያዘጋጁ ጊዜ ይሰጣል። የማኅደሩ አገልግሎት የሚሰጥበት ሕንፃና ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ ይመከራል። በነሐሴ ወር የኤድንብራ ፌስቲቫል ስለሚካሄድ ከተማዋ በእንግዶች ትጨናነቃለች፤ የማደሪያ ዋጋም ይወደዳል።

ሕጋዊ ደረጃ

በ2005 የስኮትላንድ ፓርላማ የጋሊክኛ ቋንቋ ሕግ አወጣ። በ2025 ደግሞ ጋሊክኛንና ስኮትኛን የስኮትላንድ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች የሚያደርግ ሕግ ጸድቋል። ስኮትኛ ለረጅም ጊዜ «የተበላሸ እንግሊዝኛ» ተብሎ ሲናቅ ስለቆየ፣ የገበሬዎችና የትራቭለርስ ቅጂዎች ቋንቋው የራሱ የዳበረ ሥነ ቃል እንዳለው ከሚያሳዩት ማስረጃዎች መካከል ናቸው።

ተመሳሳይ ተቋማት

በስኮትላንድ ውስጥ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ በ1995 የኤልፊንስተን ተቋምን መሥርቶ የሰሜን ምሥራቁን ባህል ያጠናል። በስካይ ደሴት በ1973 የተቋቋመው ሳቫል ሞር ኦስታይክ ኮሌጅ ትምህርቱን በጋሊክኛ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው የዲጂታል ቅጂ ፕሮጀክት ማዕከልም ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የስኮትላንድ ሥነ ጽሑፍ ክፍል አለ።

ከስኮትላንድ ውጭ በካናዳ የጉወልፍ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ማዕከል አለው። በዚያው አገር በኖቫ ስኮሺያ ጠቅላይ ግዛት፣ በአንቲጎኒሽ ከተማ ያለው የቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ከደጋው አገር የተሰደዱት ገበሬዎች ዘሮች እስከ ዛሬ ያቆዩትን ጋሊክኛ ያስተምራል።